የአሽከርካሪ ልማድና የፒክአፕ ተሽከርካሪ የነዳጅ ፍጆታ፦ ከከተማ ጎዳና እስከ ዓባይ በረሃ

መግቢያ

ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ በኢትዮጵያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ የእርዳታ ድርጅቶች፣ የግንባታ ተቋራጮችና የምርምር ተቋማት ዋነኛ የመስክ መኪና ነው። ሰውም ዕቃም ይጭናል፣ አስፋልቱ ሲያልቅ ጉዞው አይቋረጥም፣ በአብዛኛውም በናፍጣ ይሠራል። አገሪቱ የምትጠቀምበትን የተጣራ ነዳጅ በሙሉ ከውጭ በውጭ ምንዛሪ የምትገዛ በመሆኗ፣ ይህ ተሽከርካሪ በየኪሎ ሜትሩ የሚያቃጥለው ናፍጣ የአንድ መሥሪያ ቤት ወጪ ብቻ ሳይሆን የአገርም ወጪ ነው። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ ድጎማው ወደ ሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ያነጣጠረ እንዲሆን ከተደረገ በኋላ ደግሞ የዋጋው ጫና በተቋማት በጀት ላይ ይበልጥ ጎልቶ መታየት ጀምሯል።

በዚህ ሁኔታ ውስጥ አንድ ጥያቄ በየስምሪት ክፍሉ ይነሣል። ሁለት አሽከርካሪዎች አንድ ዓይነት መኪና ይዘው እኩል ኪሎ ሜትር ሲጓዙ አንዱ ለምን ከሌላው የበለጠ ነዳጅ ይፈጃል? የተለመደው መልስ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ መኪናው ችግር አለበት፣ ወይ ነዳጁ ተሰርቋል። ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን በሁለቱ መካከል ሰፊ ቦታ አለ፤ እርሱም የአነዳድ ልማድና የመንገዱ ጠባይ ነው። የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር እንደሚያመለክተው ኃይለኛ አነዳድ፣ ማለትም በፍጥነት መክነፍ፣ በድንገት ፍጥነት መጨመርና በድንገት ፍሬን መያዝ፣ አንድ መኪና በተወሰነ ነዳጅ የሚጓዘውን ርቀት በአውራ ጎዳና ላይ ከ15 እስከ 30 በመቶ፣ በተጨናነቀ የከተማ ጉዞ ደግሞ ከ10 እስከ 40 በመቶ ሊቀንሰው ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ልማድ ወደ ነዳጅ ፍጆታ የሚለወጥበትን መንገድ በቀላል የፊዚክስ ስሌት ማሳየት፣ የትኛው ልማድ በርግጥ እንደሚያስከፍልና የትኛው በስህተት ቁጠባ ተብሎ እንደሚወሰድ መለየት፣ በመጨረሻም ውጤቱ ለተቋማት የነዳጅ ቁጥጥር ምን ትርጉም እንዳለው ማመልከት ነው።

የአንድ ሊትር ናፍጣ መዳረሻ

አንድ ሊትር ናፍጣ በውስጡ 36 ሜጋ ጁል ያህል ኃይል ይይዛል። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው በሙቀት መልክ በጭስ ማውጫውና በራዲያተሩ በኩል ይወጣል፤ ጥቂቱም በሞተሩና በማርሽ ሣጥኑ ውስጣዊ ሰበቃ ይጠፋል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ለስሌት እንዲመች 28 በመቶው ጎማ ዘንድ ይደርሳል ተብሎ ተወስዷል። በዚህ መሠረት ከአንድ ሊትር ናፍጣ ለመኪናው እንቅስቃሴ የሚውለው 10 ሜጋ ጁል ገደማ ነው። እንደ ሞተሩ ዓይነትና እንደ ጫናው መጠን ቁጥሩ ከፍም ዝቅም ይላል፤ ልማዶችን እርስ በርስ ለማወዳደር ግን በቂ መነሻ ነው።

ይህ 10 ሜጋ ጁል የሚውለው ለአራት ነገሮች ነው። የመጀመሪያው ጎማው በመንገዱ ላይ ሲንከባለል የሚገጥመውን ተቃውሞ ለማሸነፍ፣ ሁለተኛው የአየርን ተቃውሞ ለመግፋት፣ ሦስተኛው ዳገት ለመውጣት፣ አራተኛው ደግሞ የቆመን መኪና ወደ ፍጥነት ለማምጣት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንዴ ከወጡ አይመለሱም። የኋለኞቹ ሁለቱ ግን የተለየ ባሕርይ አላቸው፤ ዳገት ለመውጣትና ፍጥነት ለመጨመር የዋለው ኃይል በመኪናው ውስጥ ተቀምጦ ይቆያል፤ የሚጠፋውም አሽከርካሪው ፍሬን ሲይዝ ነው። የአነዳድ ልማድ ዋነኛ ቁልፍ የሚገኘው በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው።

ለስሌቱ የተወሰደው ፒክአፕ ከነተሳፋሪውና ከቀላል ጭነቱ 2,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ በደህና አስፋልት ላይ ያለው የመንከባለል ተቃውሞ መጠን 0.013፣ የአየር ተቃውሞ መጠኑ 0.45፣ የፊት ስፋቱ 2.8 ካሬ ሜትር ነው። የአየሩ እፍጋት በአዲስ አበባ ከፍታ፣ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት፣ በኪዩቢክ ሜትር 0.9 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል።

ፍጥነትና የአየር ተቃውሞ

የመንከባለል ተቃውሞ ከፍጥነት ጋር እምብዛም አይለዋወጥም። ለዚህ መኪና 255 ኒውተን ያህል ነው። የአየር ተቃውሞ ግን ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ያድጋል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ላይ 158 ኒውተን ገደማ የነበረው በ80 ወደ 280፣ በ100 ወደ 437፣ በ120 ደግሞ ወደ 630 ኒውተን ይደርሳል። ፍጥነቱ ከ60 ወደ 120 እጥፍ ሲሆን የአየሩ ተቃውሞ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው።

ሁለቱ ተቃውሞዎች ተደምረው ወደ ነዳጅ ሲለወጡ፣ በሜዳማ አስፋልት ላይ 100 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 5.4 ሊትር፣ በ100 ኪሎ ሜትር 6.9 ሊትር፣ በ120 ኪሎ ሜትር ደግሞ 8.9 ሊትር ገደማ ያስፈልጋል። ከ80 ወደ 120 የሚደረገው ለውጥ ፍጆታውን በ65 በመቶ ያህል ከፍ ያደርገዋል።

ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ለማየት እንደ አዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ያለ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ጉዞን መውሰድ ይቻላል። መንገዱ ሜዳ ነው ተብሎ ቢታሰብ፣ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አንድ ሰዓት፣ በ100 ኪሎ ሜትር 48 ደቂቃ፣ በ120 ኪሎ ሜትር 40 ደቂቃ ይፈጃል። ከ80 ወደ 100 ከፍ ያለ አሽከርካሪ 12 ደቂቃ ለማትረፍ 1.2 ሊትር ይከፍላል። ከ100 ወደ 120 ከፍ ያለው ግን 8 ደቂቃ ብቻ ለማትረፍ 1.6 ሊትር ይከፍላል። ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር የሚተርፈው ጊዜ እያነሰ፣ የሚከፈለው ነዳጅ ደግሞ እየበዛ ይሄዳል። በርግጥ አዳማ ከአዲስ አበባ ዝቅ ብላ የምትገኝ በመሆኗ ሲኬድ ቁልቁለቱ ያግዛል፣ ሲመለስ ዳገቱ ያስከፍላል፤ በፍጥነቶቹ መካከል ያለው ልዩነት ግን በሁለቱም አቅጣጫ እንዳለ ይቆያል።

ከፍታ በዚህ ላይ ሁለት ተቃራኒ ውጤቶች አሉት። በደጋው አየሩ ስስ በመሆኑ የአየር ተቃውሞው ከባሕር ጠለል አካባቢ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። በመሆኑም ተመሳሳይ ፍጥነት በአፋር ቆላ የበለጠ ነዳጅ ይጠይቃል። በሌላ በኩል ስሱ አየር ለሞተሩ የሚገባውን ኦክስጅን ይቀንሳል። ተርቦ ያላቸው ሞተሮች ይህን ጉድለት በአብዛኛው ያካክሳሉ። ተርቦ የሌላቸው የቀድሞ ፒክአፖች ግን አሽከርካሪው የነዳጅ መስጫውን ፔዳል እስከ ወለሉ ሲረግጠው ካገኙት አየር ጋር የማይመጣጠን ናፍጣ ይረጫሉ። ከኋላ የሚታየው ጥቁር ጭስ በትክክል ያልተቃጠለ ነዳጅ ነው። በእንዲህ ያለ መኪና ላይ ጭሱ እስኪጠፋ ድረስ እግርን ጥቂት ማንሣት ጉልበት ሳይቀንስ ነዳጅ ይቆጥባል።

ነዳጅ የሚባክነው በፍሬን ነው

ብዙ የነዳጅ ቁጠባ ምክር በአነሣስ ላይ ያተኩራል፤ "ቀስ ብለህ ተነሣ" ይላል። ምክሩ ከፊል እውነት ብቻ ነው። 2,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ የሚይዘው የእንቅስቃሴ ኃይል 278 ኪሎ ጁል ነው። እዚያ ፍጥነት ላይ በ10 ሰከንድም ይድረስ በ20 ሰከንድ፣ የያዘው ኃይል አንድ ነው። ከዚህም በላይ የናፍጣ ሞተር ነዳጁን በተሻለ የሚጠቀመው መጠነኛ ጫና ሲኖርበት እንጂ በዝቅተኛ ማርሽ ያለ ሥራ ሲጮኽ አይደለም። ስለዚህ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እየተጎተቱ ረጅም ርቀት መሄድ ቁጠባ አይደለም። መጠነኛ ጉልበት ሰጥቶ ቶሎ ወደ ከፍተኛ ማርሽ መሸጋገር ይሻላል።

ጥያቄው ያ ኃይል ከዚያ በኋላ ምን ይሆናል የሚለው ነው። አሽከርካሪው ከፊቱ ያለውን ቀይ መብራት አርቆ አይቶ እግሩን ከፔዳሉ ካነሣ፣ 278ቱ ኪሎ ጁል መኪናውን ወደ ፊት እየገፋ ርቀት ይሸፍናል። መብራቱ ሥር እስኪደርስ ነዳጅ ሰጥቶ በመጨረሻው ቅጽበት ፍሬን ከያዘ ግን ኃይሉ በሙሉ በፍሬን ሸራዎቹ ላይ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። በነዳጅ ሲሰላ ከ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አንድ ጊዜ በፍሬን መቆም 28 ሚሊ ሊትር፣ ከ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ደግሞ 12 ሚሊ ሊትር ገደማ ማፍሰስ ነው።

አንዱ ብቻውን ትንሽ ይመስላል፤ ድምሩ ግን ትንሽ አይደለም። በየ500 ሜትሩ በሚያስቆም የከተማ ጉዞ በ100 ኪሎ ሜትር ውስጥ 200 ጊዜ መቆም አለ። እያንዳንዱ መቆም ከ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቢሆን 2.5 ሊትር፣ ከ60 ቢሆን 5.6 ሊትር ናፍጣ በፍሬን ሊባክን ይችላል። በሁለት መብራቶች መካከል እስከ 60 የሚከንፈው አሽከርካሪና በ40 የሚሄደው ሰው ብዙውን ጊዜ በቀጣዩ መብራት ሥር ይገናኛሉ፤ ልዩነታቸው በ100 ኪሎ ሜትር ሦስት ሊትር ያህል መሆኑ ብቻ አይታይም።

ከዚህ የሚገኘው መደምደሚያ ቁጠባ በቀኝ እግር ልስላሴ ሳይሆን በዓይን አርቆ ማየት የሚመጣ መሆኑ ነው። ከፊት ካለው መኪና በቂ ርቀት የሚጠብቅ አሽከርካሪ የፊተኛው ፍጥነት ሲቀንስ እግሩን በማንሣት ብቻ ይላመዳል። ተጠግቶ የሚነዳ ግን ፊተኛው በቀነሰ ቁጥር ፍሬን መያዝ፣ በጨመረ ቁጥር ነዳጅ መስጠት ይገደዳል። ለደኅንነት የሚመከረው ርቀትና ለነዳጅ ቁጠባ የሚጠቅመው ርቀት አንድ ነው።

ዳገትና ቁልቁለት፦ የዓባይ በረሃ ምሳሌ

በኢትዮጵያ ያለው የመንገድ አቀማመጥ ከብዙ አገሮች የአነዳድ መመሪያ የሚለየው በዳገቱ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ነው። በሁለቱም ወገን ያለው የከፍታ ልዩነት ከ1,000 ሜትር በላይ ነው።

2,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪናን 1,000 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት 19.6 ሜጋ ጁል ያስፈልጋል፤ ይህም የመንከባለልና የአየር ተቃውሞው ሳይቆጠር ሁለት ሊትር ናፍጣ ነው። ይህን ቁጥር የትኛውም የአነዳድ ጥበብ አይቀንሰውም፤ የሚቀንሰው ክብደትን መቀነስ ብቻ ነው። ተጨማሪ 500 ኪሎ ግራም ጭነት በየ1,000 ሜትር ዳገቱ ግማሽ ሊትር ያህል ይጨምራል። አሽከርካሪው በዳገት ላይ ያለው ምርጫ ማርሽ ነው። የዘመናዊ ተርቦ ናፍጣ ሞተሮች ከፍተኛ የመጠምዘዝ ጉልበታቸውን የሚያገኙት በአብዛኛው በደቂቃ ከ1,500 እስከ 2,500 ዙር ባለው ክልል ነው። ከዚህ በታች ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ ይታገላል፤ ከዚህ እጅግ በላይ ሲወጣ ደግሞ ውስጣዊ ሰበቃው ነዳጁን ይበላል። ዙሩን በዚህ ክልል የሚያቆይ ማርሽ መያዝ ለሞተሩም ለነዳጁም ይበጃል።

በቁልቁለት ላይ ግን ከሁሉ የጎላ የተሳሳተ ልማድ ይታያል። ነዳጅ ለመቆጠብ በሚል መኪናውን ከማርሽ አውጥቶ መልቀቅ ነው። አስተሳሰቡ ምክንያታዊ ይመስላል፤ ሞተሩ በቀስታ ይዞራል፣ መኪናው በራሱ ይሄዳል። ነገር ግን ነዳጅ በኤሌክትሮኒክ ቁጥጥር በሚረጩ ሞተሮች ላይ መኪናው በማርሽ ሆኖ እግር ከፔዳሉ ሲነሣ ነዳጅ መርጨቱ ጨርሶ ይቋረጣል፤ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። ከማርሽ ሲወጣ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣት ይጀምራል። በ7 በመቶ ቁልቁለት 1,000 ሜትር ለመውረድ 14 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ይኖራል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲወረድ ከ20 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ከማርሽ የወጣ ሞተር በዚህ ጊዜ ውስጥ ሩብ ሊትር ያህል ናፍጣ ያቃጥላል፤ በማርሽ ያለው ግን ምንም።

ከነዳጁ የሚበልጠው ጉዳይ ሕይወት ነው። በዚህ ቁልቁለት ላይ የመሬት ስበት መኪናውን በ1,370 ኒውተን ገደማ ይገፋዋል። የመንከባለልና የአየር ተቃውሞው በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚይዙት 325 ኒውተኑን ብቻ ነው። የቀረውን የሚይዘው ወይ ሞተሩ ነው ወይ ፍሬኑ። መኪናው ከማርሽ ከወጣ ጫናው በሙሉ ፍሬኑ ላይ ያርፋል፤ እስከ ታች ሲደረስም ሸራዎቹና ዲስኮቹ 15 ሜጋ ጁል ያህል ሙቀት ይቀበላሉ። ይህ ከ40 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። የጋለ ፍሬን የመያዝ አቅሙን ያጣል። ስለዚህ ይህ ልማድ ቁጠባም ደኅንነትም የሌለው፣ በሁለቱም በኩል ኪሳራ ነው። በወጡበት ማርሽ ወይም ከእርሱ ባነሰ መውረድ የሚለው የቆየ የአሽከርካሪዎች ምክር በስሌትም ይረጋገጣል።

ለፒክአፕ የተለዩ ልማዶች

ከቤት መኪና በተለየ ፒክአፕ ለአሽከርካሪው ተጨማሪ ምርጫዎችን ይሰጣል፤ አንዳንዶቹም ሳይታወቁ ነዳጅ ይበላሉ።

የመጀመሪያው በአራት ጎማ መንዳት ነው። በብዙ ፒክአፖች ላይ አራቱን ጎማ ሲያስገቡ የፊትና የኋላ አክስሎች በአንድ ላይ ይታሰራሉ። በጭቃና በአሸዋ ላይ ይህ አስፈላጊ ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ ግን ኩርባ ሲዞር የፊትና የኋላ ጎማዎች እኩል ርቀት ስለማይጓዙ እርስ በርስ ይፈታተናሉ፤ ጎማ ይበላል፣ ማርሽ ሣጥኑ ይጨነቃል፣ ነዳጅም ይጨምራል። ከጭቃው ከወጡ በኋላ ወደ ሁለት ጎማ መመለስን መርሳት የተለመደ ስህተት ነው።

ሁለተኛው የኋላ መጫኛው አያያዝ ነው። ባዶ መጫኛ ሲኖር የኋላውን መዝጊያ አውርዶ መሄድ አየሩን ያሳልፋል የሚል እምነት አለ። የነፋስ ዋሻ ሙከራዎች የሚያሳዩት ግን መዝጊያው ሲዘጋ በመጫኛው ውስጥ ተሽከርካሪ የአየር አዙሪት ተፈጥሮ እንደሚቀመጥ፣ ከጣሪያው የሚመጣው አየርም በዚህ አዙሪት ላይ ተንሸራቶ እንደሚያልፍ ነው። መዝጊያው ሲወርድ አዙሪቱ ይፈርሳል፤ በአብዛኛውም የአየር ተቃውሞው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ዕቃን በጣሪያ ላይ መጫን ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ በመጫኛው ውስጥ ሊቀመጥ የሚችል ዕቃ በጣሪያ ላይ ሲታሰር የፊት ስፋቱ ይጨምራል፣ በከፍተኛ ፍጥነትም ዋጋው ይጎላል።

ሦስተኛው የጎማ ንፋስ ነው። የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር እንደሚለው የአራቱም ጎማ አማካይ ንፋስ በአንድ ፒኤስአይ በቀነሰ ቁጥር በአንድ የነዳጅ መጠን የሚኬደው ርቀት 0.2 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በኮረኮንችና በአሸዋ ላይ ንፋስ ቀንሶ መንዳት የታወቀ የመስክ ዘዴ ነው። ጎጂ የሚሆነው ወደ አስፋልት ሲመለሱ መልሶ አለመሙላቱ ነው። ንፋሱ 10 ፒኤስአይ ጎድሎ የቀረ መኪና 2 በመቶ ያህል ይከስራል፤ የጎማውም ዕድሜ ያጥራል።

አራተኛው ሞተር አስነሥቶ ቆሞ መጠበቅ ነው። የፒክአፕ ናፍጣ ሞተር ቆሞ ሲሠራ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ገደማ ይፈጃል። ኃላፊን ወይም ስብሰባን በመጠበቅ በቀን ሁለት ሰዓት በዚህ ሁኔታ የሚያልፍ መኪና በወር ውስጥ የአንድ ረጅም የመስክ ጉዞ ናፍጣ ያለ አንድ ኪሎ ሜትር ጉዞ ይጨርሳል። አንድ ገደብ ግን መታወስ አለበት። ረጅም ዳገት ወጥቶ ወይም በከፍተኛ ፍጥነት ተጉዞ የቆመ ተርቦ ሞተር ከመጥፋቱ በፊት ተርቦው እስኪበርድ ጥቂት መቆየት ይኖርበታል። ይህ አጭር ቆይታ ብክነት አይደለም።

ቁጥሩ እንዴት ይለካል?

ከላይ የተዘረዘሩት ልዩነቶች እውነተኛ ቢሆኑም፣ በአግባቡ ካልተለኩ በቁጥር ጫጫታ ውስጥ ይጠፋሉ። በብዙ መሥሪያ ቤቶች ፍጆታ የሚለካው በአንድ ሊትር በተኬደ ኪሎ ሜትር ነው። ይህ መለኪያ ሁለት ወጥመዶች አሉት።

አንደኛው የአማካይ ስሌት ነው። አንድ መኪና 100 ኪሎ ሜትር በሊትር 8፣ ሌላ 100 ኪሎ ሜትር ደግሞ በሊትር 12 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ አማካዩ 10 አይደለም። የፈጀው ነዳጅ 12.5 እና 8.3፣ በድምሩ 20.8 ሊትር ገደማ ስለሆነ ትክክለኛው አማካይ 9.6 ነው። ሁለተኛው የማሻሻያ ዋጋ ነው። ከ8 ወደ 10 ኪሎ ሜትር በሊትር ማሻሻል በ100 ኪሎ ሜትር 2.5 ሊትር ያድናል፤ ከ12 ወደ 14 ማሻሻል ግን 1.2 ሊትር ብቻ። ስለዚህ ጥረቱ መቅደም ያለበት ከሁሉ የበለጠ በሚፈጀው መኪናና ጉዞ ላይ ነው። ፍጆታን በ100 ኪሎ ሜትር ሊትር መመዝገብ ሁለቱንም ወጥመዶች ያስቀራል።

በአቀዳድም በኩል ጋኑን ሞልቶ፣ ተጉዞ፣ እንደገና ሞልቶ የተጨመረውን መለካት በቀላሉ የሚገኝ ዘዴ ነው። ሆኖም በአሞላል ላይ የአንድ ሊትር ስህተት ቢፈጠር፣ ልኬቱ በ20 ሊትር ላይ የተመሠረተ ከሆነ ስህተቱ 5 በመቶ ይሆናል፤ በ60 ሊትር ላይ ከሆነ ግን ከ2 በመቶ በታች ነው። የአንድን አሽከርካሪ ልማድ ለመመዘን በአንድ ጊዜ ሙሌት መወሰን አይገባም። ፋብሪካው ከገጠመው በዙሪያው 5 በመቶ የሚበልጥ ጎማ የተገጠመለት መኪናም የተጓዘውን ርቀት በዚያው መጠን አሳንሶ ስለሚቆጥር፣ ምንም ያልባከነ ነዳጅ የባከነ ያስመስላል።

ለተቋማት የነዳጅ ቁጥጥር ያለው ትርጉም

ለአንድ ዓይነት መኪና አንድ ወጥ የሊትር ልክ መመደብ ለአስተዳደር ይቀላል፤ ነገር ግን ከላይ ባለው ስሌት ሲመዘን ፍትሐዊ አይደለም። በዓባይ በረሃ በኩል በጥንቃቄ የወጣ አሽከርካሪ ከተመደበው ልክ ሊያልፍ ይችላል፤ በሜዳማ አውራ ጎዳና ላይ በግዴለሽነት የነዳው ደግሞ በልኩ ውስጥ ሆኖ ሊመሰገን ይችላል። ከአስፋልት ወደ ኮረኮንች መውጣት ብቻውን የመንከባለል ተቃውሞውን ከ0.013 ወደ 0.02 ቢያሳድገው በ100 ኪሎ ሜትር 1.4 ሊትር ያህል ይጨምራል፤ ይህ በአሽከርካሪው ላይ ሊቆጠር የማይችል ነው። በዚህ ምክንያት ታማኝ ሠራተኛ በነዳጅ ጉድለት የሚጠረጠርበት፣ ብክነት ደግሞ ሳይታይ የሚያልፍበት ሁኔታ ይፈጠራል። በተሳሳተ ልክ የተገመገመ አሽከርካሪ የሚማረው መቆጠብን ሳይሆን መዝገቡን ከልኩ ጋር ማስማማትን ነው።

የተሻለው መንገድ ልኩን በጉዞ ዓይነት መለየት ነው፤ የከተማ፣ የአስፋልት ሜዳ፣ የአስፋልት ተራራ፣ የኮረኮንች ተብሎ፣ ጭነቱም በግምት ተመዝግቦ። ልኩ ከወረቀት ሳይሆን ያው መኪና በያው መንገድ ደጋግሞ ከተጓዘበት መዝገብ ቢወጣ ይመረጣል። እንዲህ ሲሆን ከልኩ የሚያፈነግጥ ፍጆታ እውነተኛ ምልክት ይሆናል፤ ወደ ሞተሩ፣ ወደ ጎማው፣ ወደ አነዳዱ ወይም ወደ ጋኑ ለመመልከት ምክንያት ይሰጣል።

ሌላው ተጠያቂ ስምሪቱ ራሱ ነው። 300 ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ ከተማ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ለሚጀመር ስብሰባ ከንጋቱ 12 ሰዓት እንዲነሣ የታዘዘ አሽከርካሪ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር አማካይ ፍጥነት እንዲጠብቅ ተፈርዶበታል። እዚያ ላይ የአነዳድ ሥልጠና ትርጉም የለውም። የጉዞ ሰዓትን በእውነተኛ ፍጥነት ማስላት፣ ኃላፊዎች በሚጠበቁበት ጊዜ ሞተር እንዲጠፋ ማድረግ፣ ከጭቃ የተመለሰ መኪና የጎማ ንፋስ የሚሞላበትን መሣሪያ በግቢው ማኖር ከአሽከርካሪው ይልቅ በአስተዳደሩ እጅ ያሉ እርምጃዎች ናቸው።

ማጠቃለያ

የአነዳድ ልማድ ወደ ነዳጅ የሚለወጠው በጥቂት ግልጽ መንገዶች ነው። በአውራ ጎዳና ላይ የአየር ተቃውሞ፣ በከተማ ውስጥ ፍሬን፣ በቆመ መኪና ውስጥ ሥራ ፈቶ የሚዞር ሞተር ዋነኞቹ ናቸው። ዳገትና ጭነት ግን በልማድ የማይለወጡ የጉዞው ቋሚ ዋጋዎች ስለሆኑ ለብቻቸው ተቆጥረው መያዝ አለባቸው። እያንዳንዱ የተቆጠበ ሊትር ናፍጣ 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር እንዳይገባ ያደርጋል፤ ከውጭ ምንዛሪም የራሱን ድርሻ ያተርፋል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ የወሰነ ቢሆንም፣ በመንገድ ላይ ያሉት የናፍጣ ፒክአፖች ገና ለብዙ ዓመታት ያገለግላሉ። በእነርሱ ላይ የሚገኘው ቁጠባ አዲስ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው አሽከርካሪው ፍሬን የሚይዝበትን ምክንያት አስቀድሞ እንዲያይ የሚያስችል ሥልጠናና የጉዞ ጊዜ ነው። ሁለተኛው መንገዱ ያስከፈለውን አሽከርካሪው ካባከነው የሚለይ መዝገብ ነው። ሁለተኛው ከሌለ የመጀመሪያው አይጸናም፤ መቆጠቡ በመዝገቡ ላይ የማይታይለት ሰው ለመቆጠብ የሚያነሣሣው ምክንያት አይኖረውምና።